መልካም ገና! ፎቷችሁን ኑና ውሰዱ

እንኳን አደረሳችሁ! እንዴት ከረማችሁ? ሐዋሳ ዛሬ በግ በግ ትሸታለች። የታህሳስ 19 የገብርኤል እንግዶች ከሄዱ ዘጠኝ ቀን ቢሆን ነው፤ ከተማው ሳያርፍ ሌላ በዓል መጣ። ጠዋት አንድ በግ በባጃጅ የኋላ ወንበር ተንደላቆ ሲሄድ አየሁ። ባለቤቱ ፊት ከሹፌሩ ጋር ተጣቧል። ካሜራ አለመያዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

በየዓመቱ በገና ዋዜማ አንድ ፎቶ አውጥቼ አያለሁ። የኔ አይደለም። ያነሳው የማሊው ማሊክ ሲዲቤ ነው። ባማኮ ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 1963፣ በእኛ ታህሳስ 1956 መሆኑ ነው። ስሙም «የገና ሌሊት»። ልጁ ሱፉን ግጥም አድርጓል። ልጅቷ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ በባዶ እግሯ ናት። ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ነው የቀረው፤ ሁለቱም ወደ እግራቸው እያዩ ይደንሳሉ። ወንድምና እህት ናቸው ይባላል። የማሊ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ለጭፈራ ግን ገናም ገና ነው። ዘፈኑ ምን እንደነበር ፎቶው አይናገርም። እኔ ባየሁት ቁጥር ግን እግሬ አርፎ አይቀመጥም።

ይህን ፎቶ ያገኘሁት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ነው። «ቀና በል፣ አትሳቅ፣ ጆሮህ ይታይ።» ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ባንድ ያለበት ሆቴል እሠራለሁ። እዚያም የማነሳው ዘፋኙን ብቻ ነበር። ማይክ፣ ላብ፣ የተጨፈነ ዓይን። ስምንት መቶ ፎቶ አንስቼ ስምንት መቶውም አንድ ዓይነት። አንድ ምሽት አንዲት አስተናጋጅ ከኋላዬ ትሪዋን አስቀምጣ፣ ማንም አያየኝም ብላ፣ እስክስታውን ስታወርደው ነበር አሉ። አሉ ነው እንግዲህ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር።

ሲዲቤ ቢሆን እሷን ነበር የሚያነሳው። ሰውየው ሶሎባ ከምትባል መንደር ወጥቶ፣ ባማኮ ሥዕል ተምሮ፣ ከአንድ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሥራ ለመደ። ከዚያ ባጋዳጂ ሰፈር የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ማሊ በፈረንጆቹ 1960 ነጻ ወጣች። ወጣቱ ሸክላ እያስጮኸ፣ ትዊስት እየደነሰ ሌሊቱን ያነጋ ጀመር። እሱም ቅዳሜ ማታ በብስክሌት ከአንዱ ጭፈራ ወደ ሌላው ይሮጣል። ሲመለስ አይተኛም። ፊልሙን ያጥባል። በሳምንቱ መጀመሪያ ትናንሽ ፎቶዎች ፎቶ ቤቱ ደጅ ይሰቀላሉ። ልጆቹም መጥተው ራሳቸውን ይፈልጋሉ፣ የወደዱትን ይገዛሉ። የእያንዳንዱን ጭፈራ ፎቶዎች ደግሞ ካርቶን ላይ ለጥፎ፣ ቀኑን ጽፎ ያስቀምጥ ነበር።

ዓለም ያወቀው ዘግይቶ ነው። በፈረንጆቹ 2007 ጣሊያን ውስጥ በቬኒሱ ትልቅ የሥነ ጥበብ ዓውደ ርዕይ ላይ፣ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸለሙት፤ ያን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2016 አረፈ። ሽልማቱ ደስ ይላል። እኔን የያዘኝ ግን ያ ደጅ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ነው። ሰኞ ጠዋት ቆሞ «ይቺ እኔ ነኝ!» የሚለው ሰው።

እኔስ? እኔ ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ውስጥ እከት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እሱም ተቃጠለ። ሦስት ገና አብሮ ሄደ። ሰው እንደሞተበት ለቅሶ ተቀመጥኩ ብላችሁ ማጋነን አይሆንም። ባለፈው ፋሲካ አቶቴ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ቡፌው ላይ ዓይኔ አረፈ። አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሲጨፍሩ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ሊወድቅ ሲል። አውቀዋለሁ!

«እማማ፣ ይኼን ማን አነሳው?»

«አንተ ልጅ፣ ራስህ አይደለህ እንዴ? አሳጥብልን ብለን ስንት ጊዜ ለመንህ!»

እውነታቸውን ነው። ያኔ «አሁን ማን ፎቶ ያሳጥባል፣ በቴሌግራም ልላክላችሁ» ብዬ ተነጫንጬ ነበር። ከዚያ ሦስት ገና የቀረኝ ያ ብቻ ነው። እሱም እነሱ ስለጨቀጨቁኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ያነሳኋችሁን አሳጥቤያለሁ። ከበዓሉ ማግስት እስከ ጥምቀት ደጄ ላይ ተሰቅለው ይቆያሉ። አሞራ ገደል ዓሣ እየገፈፋችሁ ከሬዲዮው ጋር ስትዘፍኑ የነበራችሁ ልጆች አላችሁ። ፍቅር ሐይቅ ዳር የጨፈራችሁ ሙሽሮች፣ በተለይ ሚዜዎቹ፣ አላችሁ። ራሳችሁን ፈልጉ፣ ነቅላችሁ ውሰዱ። ዶሮው ፋታ ሲሰጣችሁ ማለቴ ነው፤ ከ43 ቀን ጾም በኋላ ማንም ማግስቱን በጠዋት እንደማይመጣ አውቃለሁ።

ባለ ትሪዋ እህቴ፣ አንቺም አለሽ። በዚህ ወር እንደገና ትሪሽን ስታስቀምጪ አይቼ ዘፋኙን ጥዬው ዞርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነሽ፣ ከግራ ሁለተኛ። ትንሽ ተንቀሳቅሷል፣ ይቅርታ። ያንቺን ትልቅ አድርጌ አሳጥቤዋለሁ።