ጉዳቱ ከዳነ በኋላ የቀረ ሕመም

ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም የሚሉት ከ3 ወር በላይ የዘለቀውን ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ጊዜ እየተመላለሰ የሚነሣውን ነው። ወሰኑ በ3 ወር ላይ የተደረገው አብዛኛው የሰውነት ጉዳት በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጠገናል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። የእኔ የወገብ ሕመም ያን ወሰን ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ጉዳቱ ድኖ ሕመሙ ለምን እንደሚቀር ቀስ በቀስ እየገባኝ መጥቷል፤ ይህም ሕክምና የምፈልግበትን መንገድ ስለለወጠው፣ ሐሳቡ ሳይበተንብኝ በማስታወሻዬ ላስፍረው ብያለሁ።

በመጀመሪያ የፈለግኩት ምስል ነበር። የሚያም ነገር ካለ የተበላሸ ነገር አለ፣ የተበላሸ ነገር ካለ ደግሞ በኤም አር አይ ይታያል ብሎ ማሰብ ለማንም የሚቀና ነው። ውጤቱ በታችኛው ወገቤ ካሉት ዲስኮች (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ከሚያገለግሉት) አንዱ እንደደረቀና በመጠኑ እንዳበጠ ይገልጽ ነበር። ወረቀቱን ካነበብኩ በኋላ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ዲስኩ ከቦታው ሲንሸራተት ይታየኝ ጀመር፤ ዕቃ ከማንሣት፣ ከዚያም ከመቀመጥ፣ በመጨረሻም ረጅም መንገድ ከመሄድ ተቆጠብኩ።

ምስሉን በሌላ ዓይን እንዳየው ያደረገችኝ ኋላ ላይ ያገኘኋት ሐኪም ናት። የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ አሰባስቦ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ እንዳለና፣ የተመለከተውም የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ምስል እንደሆነ ነገረችኝ። እነዚህ ምንም የማያማቸው ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 37 በመቶው፣ በ50 ዓመት ላይ ካሉት 80 በመቶው፣ በ80 ዓመት ላይ ካሉት ደግሞ 96 በመቶው የዲስክ መድከም ይታይባቸዋል። የዲስክ ማበጥም በ20 ዓመት 30 በመቶ የነበረው በ80 ዓመት 84 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በእኔ ወረቀት ላይ የተጻፈው ነገር ሐሰት ባይሆንም፣ የሕመሜ ምክንያት እርሱ ነው ለማለት ግን ብቻውን አይበቃም።

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ዲስኩ ምክንያት ካልሆነ የሚያመኝ ምንድን ነው? ምስላቸው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ «ምንም የለብዎትም» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምርመራው ምንም አላሳየም ማለትና በሽተኛው ምንም የለበትም ማለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የመሣሪያውን ዐቅም ይናገራል፣ ሁለተኛው ደግሞ በሰውየው ላይ ፍርድ ይሰጣል። ሐኪሞች በጥድፊያ ውስጥ ሁለቱን ሲያቀላቅሉ፣ በሽተኛው መታመኑን ለማስረዳት ሲል ከምርመራ ወደ ምርመራ ይዞራል።

ምርመራ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት አልወጣ ማለት፣ እየባሰ የሚሄድ የእግር ጉልበት ማጣት፣ ከሕመሙ ጋር የሚመጣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከዚህ በፊት የካንሰር ታሪክ መኖር ወይም ከመውደቅ በኋላ የተነሣ ከባድ ሕመም ሲኖር ሐኪም ሳይዘገይ ሊያየው ይገባል። ከእነዚህ ውስጥ መደንዘዙ፣ የሽንትና የሰገራው ችግር፣ የእግር ጉልበት ማጣቱም በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ናቸው። እኔ ይህን ሁሉ ተጠይቄ፣ ተመርምሬም አንዱም እንደሌለብኝ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ስለ ሌላው ነገር መነጋገር የቻልነው።

ሌላው ነገር የነርቭ ሥርዓት ነው። በሕመም ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2020 ባሻሻለው ትርጓሜ፣ ሕመም ከደረሰ ወይም ሊደርስ ከሚችል የአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ፣ ወይም ያን የሚመስል፣ ደስ የማያሰኝ የስሜት ሕዋሳትና የውስጥ ስሜት ገጠመኝ ነው። «ያን የሚመስል» የሚለውን ሐረግ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ጉዳት ሳይኖር ሕመም ሊኖር እንደሚችል በይፋ የሚቀበል ሐረግ ነውና። የዚህ ተቃራኒም አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ሲያክም፣ ብዙዎቹ ማስታገሻ እንደማይፈልጉ ሲናገሩ ሰምቶ በ1946 ጽፎታል። ለወታደሩ ቁስሉ ከጦር ሜዳ በሕይወት መውጣት ማለት ነበር። የጉዳቱ መጠንና የሕመሙ መጠን እኩል እንደማይሄዱ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

በ1965 ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ መነሻ የሚሆን ማብራሪያ ሰጥቷል። ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው መልእክት በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ሕብለ ሰረሰር፣ ላይ ሲደርስ እንዳለ አያልፍም፤ በዚያ እንደ በር የሚያገለግል ሥርዓት አለ፣ መልእክቱም እንደ ሁኔታው ይጨመርበታል ወይም ይቀነስለታል። የተመታ ጉልበታችንን ስናሸው የሚቀልልን የመዳሰሱ መልእክት የሕመሙን መልእክት ስለሚያደክመው ነው። ከአንጎል ወደ ታች የሚወርዱ መንገዶችም በዚያው በር ላይ ያዛሉ፤ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትኩረትና ተስፋ ሕመምን የሚያከፉት ወይም የሚያቀሉት በእነዚህ መንገዶች በኩል ነው። ሌላው ተመራማሪ ክሊፎርድ ዉልፍ በ1983 ባሳተመው ጥናት ደግሞ ተደጋጋሚ የሕመም መልእክት የደረሰው ሕብለ ሰረሰር ራሱ እንደሚለወጥና ከዚያ በኋላ ለትንሽ ነገር ትልቅ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳየ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሕመም ከተነሣበት ቦታ አልፎ ይሰፋል፤ ሊያም የማይገባው ንክኪም ያማል። ቀበቶ ማሰር የሚያመኝ ለምን እንደሆነ፣ በግራ በኩል የጀመረው ሕመም እንዴት ወደ ቀኝ እንደተሻገረ ማንም አስረድቶኝ አያውቅም ነበር። እኔ ራሴም ይህን ለሐኪም መናገር አሳፍሮኝ ቆይቷል፤ የተጋነነ ይመስላልና።

«ታዲያ ሕመሙ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ማለትዎ ነው?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ድምፄ ሳይቆጣ አልቀረም። የተሰበረ አጥንት ሕመምም የሚሰማን በአንጎላችን እንደሆነ፣ ስለዚህ በአንጎል መሰማቱ ሕመሙን የፈጠራ እንደማያደርገው መለሰችልኝ። ከዚያም «ሕመምዎ እውነት ነው፤ ግን አሁን እየተጎዱ ነው ማለት አይደለም» አለችኝ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አምኖ መያዝ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው ከመንቀሳቀስ ይታቀባል፣ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ደግሞ ራሱን አስመሳይ አድርጎ ይቆጥራል። እንደ እኔ ላለ በሽተኛ የሕክምናው ሁሉ መሠረት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐኪሟ ያነጋገረችኝ መንገድም ከለመድኩት የተለየ ነበር። ከ10 ስንት ይሰጡታል የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው እኔን ከእኔው ጋር ለማነጻጸር እንጂ ከሌላ ሰው ጋር ለመመዘን እንዳልሆነ ግን የነገረኝ አልነበረም። እርሷ ከቁጥሩ ይልቅ «ሕመሙ ምን እንዳይሠሩ ከለከለዎት?» ብላ ጀመረች። ቀጥላም የሕመሙን ዓይነት ጠየቀች፤ ይቆረጥማል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይወጋል፣ ወይስ ይለበልባል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ያደነዝዛል? የሚለበልብና የሚነዝር ሕመም የነርቭ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል በጥጥና በሹል ነገር እግሬን እየነካካች የስሜቱን ልዩነት መረመረች። በቀጠሮው አጭር ጊዜ ይህን ሁሉ ማስታወስ ስለማይቻል፣ አሁን አንድ ገጽ ጽፌ ይዤ እሄዳለሁ። ሕመሙ የሚነሣበትና የሚተውበት ሰዓት፣ የእንቅልፌ ሁኔታ፣ የምወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዛኋቸውም ጭምር፣ በዚያ ላይ አሉ።

መድኃኒትን በተመለከተ የጠበቅኩት ሌላ፣ የሆነው ሌላ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ለአዲስ ጉዳት ጥሩ ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ራስ ምታት ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወስዱ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣባቸው ይችላል። እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች በካንሰር ሕመምና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቦታቸው የታወቀ ቢሆንም፣ በእንዲህ ያለ ሕመም ላይ በጊዜ ብዛት ጉልበታቸው ሊቀንስ፣ ሱስም ሊያስይዙ ይችላሉ፣ አንዳንድ ጊዜም የሕመም ስሜትን ጭራሽ ያባብሳሉ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ በሽታ የማያብራራው ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ፓራሲታሞልም ሆነ እነዚህ መድኃኒቶች እንዳይጀመሩላቸው መክሯል፤ ያስቀደመው አካላዊ እንቅስቃሴን፣ የሥነ ልቦና ሕክምናንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችን ነው።

የድብርት መድኃኒት ታዘዘልኝ ማለት «የአእምሮ ነው» ተባልኩ ማለት መስሎኝ ማዘዣውን ለጥቂት ጊዜ ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን ለሕመም ሲሰጥ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊ ግራም ይጀመራል፤ ለድብርት ከሚሰጠው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። የሚሠራውም ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ሕመም የሚገቱ መንገዶች በማጠንከር ነው። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ ውጤቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሕመሙን አላጠፋልኝም፤ ሌሊት መተኛት ግን አስችሎኛል። በጥናት ዓለም ሕመም በ30 በመቶ ከቀነሰ ለበሽተኛው ትርጉም ያለው ለውጥ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ቀድሞ ብሰማው የሚያስቀኝ ቁጥር ነው፣ ዛሬ አልስቅበትም።

ከሁሉ የከበደኝ እንቅስቃሴው ነው። ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ደኅና ቀን ሲያገኝ የተከማቸበትን ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራል፣ በማግሥቱ ይወድቃል፣ ከዚያ እስኪያገግም ይተኛል፤ በዚህ ዑደት ውስጥ ዐቅሙ በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሰጠኝ መፍትሔ ለጆሮ ቀላል፣ ለትዕግሥት ግን ከባድ ነበር። የምራመድበትን ጊዜ የሚወስነው ሰዓት እንጂ ሕመም እንዳይሆን፣ በክፉ ቀንም ቢሆን ልወጣው ከምችለው ያነሰ መነሻ እንድይዝ፣ በደኅና ቀንም ከዚያ እንዳላልፍ፣ ጭማሪውም በጥቂት በጥቂቱ እንዲሆን አዘዘኝ። ወገቤ ላይ ምንም ሳይሰማኝ ማቆም ስድብ ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ሕመሙ ሲነሣም «ቆመህ አርፍ» የሚለውን የውስጥ ድምፅ አለመስማት፣ በልምምድ ጊዜ የሚመጣ መጠነኛ ሕመም የጉዳት ምልክት እንዳልሆነ ለራስ መንገር የየዕለት ሥራ ነው። ሰውነት በቃል ብቻ አያምንም፤ ጎንበስ ብሎ ተነሥቶ ምንም እንዳልሆነ ደጋግሞ ማየት አለበት። ቤተሰቦቼ ግን ዕቃ ባነሣሁ ቁጥር አሁንም ከእጄ ይነጥቁኛል። ፍቅራቸው ይገባኛል፤ ሆኖም ለእነርሱ ማስረዳት ለራሴ ከማስረዳት ይልቅ ይከብዳል።

በሕመም ሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማስበው ጆን ቦኒካን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር ሆስፒታል የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፤ የቁስለኞች ሕመም ለአንድ ሐኪም ብቻ የሚወጣ እንዳልሆነ አይቶ የተለያዩ ባለሙያዎች አንድን በሽተኛ በጋራ የሚመክሩበትን አሠራር ጀመረ። እርሱ ራሱ የትግል ስፖርት ተጋጣሚ ስለነበረ፣ ከዚያ የተረፈው ሕመም ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖሯል። የእርሱን ዓይነት የጋራ ሕክምና ሁሉም ሰው አያገኝም። እኔም አላገኘሁም፤ ሐኪሟ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውና የሥነ ልቦና አማካሪው የተለያየ ቦታ ያሉ በመሆናቸው አንዱ ያለውን ለሌላው የማደርሰው እኔ ነኝ። አድካሚ ነው፣ በሕመም ላይ ላለ ሰውም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

በመጪው ቀጠሮዬ ሁለት ነገር ለመጠየቅ ጽፌ ይዣለሁ። አንደኛው ጠዋት ጠዋት የሚይዘኝ ማንቀላፋት እንዲቀንስ አሚትሪፕቲሊኑን ማታ ቀደም ብዬ ብወስደው ይሻል እንደሆነ ነው። ሁለተኛው፣ መራመዱን ከለመድኩት በኋላ ዕቃ ማንሣትን በምን ክብደት ልጀምር የሚለው ነው፤ ለዚህኛው መልስ ቤተሰቦቼም አብረውኝ ቢሰሙ ስለምፈልግ አንዳቸውን ይዤ ለመሄድ አስቤያለሁ።