አንዷ ላባ

የመካከለኛውን ዘመን የእንግሊዝ ቀስተኞች የሚያሳየው ቡድን ዛሬ ሲለማመድ፣ ከ12 ፍላጻ 11ዱ ቀጥ ብለው ሄዱ። አንዷ ግን ጭራዋን እያወዛወዘች በተወረወረች ቁጥር ከዒላማው ጎን ትወድቃለች። ዘንጓ አልተጣመመም፤ ክብደቷም ከሌሎቹ እኩል ነው። ጥፋቱ የታየው ጭራዋ ላይ የተለጠፉትን ሦስት ላባዎች ወደ ብርሃን ሲያዞሯቸው ነው፦ ሁለቱ ከዝይ ግራ ክንፍ፣ ሦስተኛው ከቀኝ።

የክንፍ ላባ በተፈጥሮው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ ከሆኑ ፍላጻዋ አየር ላይ ትሾራለች፤ የሚያረጋጋትም መሾሯ ነው። አንዱ ከተቃረነ ሽክርክሪቱን ይገታዋል። ስለዚህ ላባ ገና ሲለቀም የግራውና የቀኙ ለየብቻ ይቀመጥ።

ለማረም ላባውን ያሰረውን ክር ቆርጦ፣ የተሳሳተውን ነቅሎ፣ ሙጫውን እስከ እንጨቱ መፋቅ ነው። የአዲሱ ላባ አጥንት መሃል ለመሃል ይሰነጠቅና ሥሩ ጠፍጣፋ እስኪሆን ይሞረዳል። ከጭራው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ለጣት ትቶ መለጠፍ፤ ከዚያ በላባው ፀጉር መሃል በየ5 ሚሊ ሜትሩ ቀጭን ክር መጠምጠም። የፊት ጫፉማ በክርና በሙጫ ደህና አድርጎ ይሸፈን! ፍላጻዋ ቀስት የያዘውን እጅ ታክካ ነው የምታልፈው፤ ብቅ ያለ የላባ አጥንት ቆዳ ይሰነጥቃል።

በ1545 እ.ኤ.አ. ከሰመጠችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከሜሪ ሮዝ በሺህ የሚቆጠሩ ፍላጻዎች ወጥተዋል። ላባው በስብሶ አልቋል፤ የክሩ ጥምጥም አሻራ ግን በአንዳንዶቹ ላይ ዛሬም ይታያል።