ትንፋሽ ሲያጥር ታይሮይድም ይታይ

ዛሬ ከእህቴ ጋር ደረጃ ስንወጣ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ስልኳን አውጥታ የምታነብ መሰለች። ስክሪኑ ግን አልበራም ነበር። ለካ ትንፋሿ እስኪመለስላት ነው፣ እኔ እንዳላውቅባት።

ልቧም ሳንባዋም ታይቶ ደህና ነሽ ተብላለች። «ጭንቀት ይሆናል» ብለው የሸኟትም አሉ፤ ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። በኋላ አንድ ሐኪም አንገቷን ዳሰሰና ብርድ አይበዛብሽም ወይ፣ ድምፅሽ አልጎረነነም ወይ፣ ሆድሽስ አይደርቅም ወይ ብሎ ጠየቃት። ሁሉም ነበረባት። ደሟ ሲመረመር ቲኤስኤች (ታይሮይድን ሥራ ብሎ የሚያዘው ሆርሞን) ከፍ፣ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራው ቀንሷል።

አንገት ላይ ያለ ዕጢ ከትንፋሽ ጋር ምን አገናኘው? ሆርሞኑ ሲያንስ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን ጨምሮ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይደክማሉ፣ የልብ ምት ይዘገያል፣ ደም ማነስም ሊመጣ ይችላል፤ ሲብስ ደግሞ በሳንባ ወይም በልብ ዙሪያ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ሰውየው ግን የሚያውቀው ደረጃው እንደከበደው ብቻ ነው። እርጅና ነው፣ ውፍረት ነው ይላል። ዝም ብሎ ይችለዋል።

እህቴ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲንን የጀመረችው በቅርቡ ነው። በባዶ ሆድ በውሃ ትውጠዋለች። ለውጡ በአንድ ሌሊት አይመጣም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች እንደገና ተለክቶ መጠኑ ይስተካከላል። ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ወይም ደረት ካመመ ግን ይሄ ሁሉ አይጠበቅም፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።