የግራፊክስ ካርዴን ጩኸት ያበረድኩበት መንገድ

ቪዲዮ ሳቀናብር የተናጋሪውን ድምፅ አጥርቼ መስማት የሚያስፈልገኝ ሰዓትና ግራፊክስ ካርዴ (ምስሉን የሚያሰላው የኮምፒውተሬ ክፍል) አብዝቶ የሚጮኽበት ሰዓት አንድ ነው። ሥራ ሲበዛበት ሁለቱ ትንንሽ ማራገቢያዎቹ በደቂቃ ከ2,800 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ፤ ቀጭን ፉጨታቸው የጆሮ ማዳመጫዬን ሰርስሮ ይገባል። ሁለት ዓመት ያህል ቻልኩት። ከዚያ ግን አብሮት የመጣውን ማቀዝቀዣ ነቅዬ ጸጥ ያለ ሌላ ልገጥምለት ቆረጥኩ።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ጩኸቱ በእርግጥ ከካርዱ መሆኑን አጣራሁ። የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ጎን ከፍቼ፣ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ማራገቢያዎች ለጥቂት ሰከንድ ዝቅ አደረግኳቸው። ፉጨቱ ወዲያው ቆመ፤ የቀረው የፓወር ሰፕላዩና የፕሮሰሰሩ ማራገቢያ ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነበር። ይህን ሙከራ ሳያደርግ ዕቃ የሚገዛ ሰው በግምት ነው የሚገዛው።

ቀጥሎ ማወቅ የፈለግሁት ትንሽ ማራገቢያ ለምን እንደሚጮኽ ነው። የአንድ ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየርም በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን ወደ 15 ዲሲቤል ገደማ ይወርዳል። የ10 ዲሲቤል ቅናሽ ለጆሮአችን በግማሽ እንደመቀነስ ነውና 15 ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል፣ ድምፃቸው እኩል የሆነ ሁለት ማራገቢያዎች አብረው ሲሠሩ ከአንዱ የሚበልጡት በ3 ዲሲቤል ብቻ ነው። እንግዲህ የሚያዋጣው ማራገቢያውን ማተለቅ፣ ሁለት ማድረግና ፍጥነቱን ማውረድ ነው። ባለ 120 ሚሊሜትሩ ከባለ 90ው 1.8 እጥፍ ገደማ ስፋት አለው። ሆኖም ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድ የአየሩ ግፊት ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ የማቀዝቀዣው ስስ የብረት ክንፎች በጣም ተጠጋግተው የተደረደሩ ከሆነ ደካማው አየር በመካከላቸው አያልፍም። ለዚህ ነው ዓይኔን ክንፎቹ ሰፊና ዘርዘር ያሉ ሂትሲንኮች (ሙቀቱን ከካርዱ የሚወስዱ ባለ ክንፍ ብረቶች) ላይ የጣልኩት።

የመጀመሪያው ግዢዬ ግን ስህተት ነበር። የካርዱን ርዝመትና ማቀዝቀዣው ሊያስወግድ የሚችለውን ሙቀት በዋት ብቻ አይቼ ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ "ለአብዛኞቹ ካርዶች ይሆናል" ይላል። ከፍቼ ስለካው በካርዱ ዋና ቺፕ ዙሪያ የሚታሰሩት አራት የቪቴ ቀዳዳዎች ከእኔ ካርድ ቀዳዳዎች ጋር በ5 ሚሊሜትር ይለያያሉ። 5 ሚሊሜትር በዚህ ሥራ ውስጥ ገደል ነው፤ በምንም ዘዴ አይገጥምም። ያን ቀን በጣም ተናደድኩ፤ ምክንያቱም መለኪያ ይዤ አንድ ደቂቃ ብቆም ኖሮ የማውቀው ነገር ነበር። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ከዋቱም ከዋጋውም በፊት በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካ እላለሁ።

ለሁለተኛው ዙር ሌላም ልኬት ወሰድኩ። በማዘርቦርዱ ላይ ከአንዱ የካርድ ማስገቢያ እስከ ቀጣዩ 20.32 ሚሊሜትር ነው። ወፍራም ሂትሲንክ ላይ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ማራገቢያ ሲደረብበት ካርዱ ሁለት የነበረውን ቦታ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ያደርገዋል። ከሥሩ የነበረችኝን የቪዲዮ መቅረጫ ካርድ ወደ ታችኛው ማስገቢያ ማዛወር ነበረብኝ። ሂትፓይፖቹ (ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ክንፎቹ የሚያደርሱት ቱቦዎች) ከካርዱ ጠርዝ ወጣ ስለሚሉ የኬዙ በር እንደሚዘጋም አስቀድሜ አረጋገጥኩ።

ምርጫዬ ውስጥ ከቀሩት አንዱ ሦስት ባለ 92 ሚሊሜትር ማራገቢያ የተገጠመለት የአርክቲክ ኩባንያ ማቀዝቀዣ አክሰለሮ ኤክስትሪም 3 ነበር፤ ሌላው የራይጂንቴክ ኩባንያ ሞርፊየስ። ሞርፊየስ ያለ ማራገቢያ ነው የሚሸጠው፤ ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር እንደ ፍላጎት ተመርጦ ይታሰርበታል። እኔ እሱን መረጥኩ። ከማቀዝቀዣ ቀድሞ የሚያረጀው ማራገቢያው ነው፤ በየትኛውም ቦታ በሚገኝ መደበኛ መጠን መተካት መቻሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሮጌውን ለመንቀል ካርዱን አሥር ደቂቃ ያህል ሥራ ላይ አቆየሁት፤ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፍቼ፣ ገመዱን ነቅዬ፣ ቪቴዎቹን ፈትቼ ማቀዝቀዣውን ሽቅብ ሳልጎትት በቀስታ ግራ ቀኝ አዞርኩት። የማራገቢያው ቀጭን ሽቦ ከካርዱ ጋር እንደተያያዘ ስለሚሆን በኃይል የሚጎትት ሰው መሰኪያውን ይገነጥለዋል። የግራፊክስ ቺፕ እንደ አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች የብረት ክዳን የለውም፤ ጠርዙ በቀላሉ ይሸረፋል። አዲሱን ሳስር ቪቴዎቹን በአግድም እየተሻገርኩ፣ እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት እያጠበቅሁ ነው የጨረስኩት።

ብዙ ያስተማረኝ ግን ቺፑ ሳይሆን ዙሪያው ነው። አብሮ የመጣው ማቀዝቀዣ ሜሞሪዎቹንና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎቹን ጭምር በቴርማል ፓድ (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ) ይነካ ነበር። አዲሱ የሚነካው ቺፑን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ላይ ትንንሽ ሂትሲንክ አንድ በአንድ ይለጠፋል። ቸኩዬ ለጠፍኳቸው። በሦስተኛው ቀን ኬዙን ስከፍት አንዷ ወድቃ ከታች አገኘኋት። ቆሞ በሚሠራ ኬዝ ውስጥ የካርዱ ቺፕ ያለበት ገጽ ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ማጣበቂያው የብረቱን ክብደት ሌት ተቀን ተሸክሞ ይውላል። ያቺ ብረት የመቅረጫ ካርዴ ላይ አርፋ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ልታቃጥልብኝ ትችል ነበር። ጥፋቱ የፓዱን ቅባት በደንብ አለማጽዳቴ ነበር። ሁሉንም አንሥቼ ሜሞሪዎቹን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርጌ፣ እያንዳንዷን ለግማሽ ደቂቃ ተጭኜ፣ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አንድ ቀን ሙሉ አቆየሁት። ከዚያ ወዲህ አንዷም አልወደቀችም።

በመጀመሪያው ሙከራ የቺፑ ሙቀት ከ79 ዲግሪ ወደ 58 ወረደ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የሜሞሪውን ቁጥር ሳይ ግን ከቀድሞው በልጦ 100 ደርሷል። ቺፑ ስለቀዘቀዘ ብቻ ማራገቢያዎቹን እጅግ አዝግሜአቸው ነበር፤ ለትንንሾቹ ሂትሲንኮች የሚደርሳቸው አየር አልነበረም። ከ600 ወደ 850 ዙር ከፍ ሳደርግ ሜሞሪው ወደ 84 ተመለሰ፤ የድምፁ ልዩነት ግን ጆሮዬን አስጨንቄ እንኳ የሚለይ አልነበረም። ማራገቢያዎቹን መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካቴም ልክ አልነበረም፤ የሚከተሉት የፕሮሰሰሩን ሙቀት ስለነበር ካርዱ ሲግል እነሱ ዝም ይላሉ። በትንሽ አስማሚ ሽቦ ወደ ካርዱ ባለ አራት እግር መሰኪያ አዛወርኳቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሥራ ሲበዛ የምትሰማ ስስ እዝዝታ ቀረች። ማራገቢያዎቹን በጣቴ ባቆማቸውም አትጠፋም፤ ከካርዱ የኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦዎች የምትወጣ ናት፤ ማንኛውም ማቀዝቀዣ አያድናትም። የቀነሳት የቺፑን ፍጥነት ሳልነካ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረጌ ነው። የሚፈጀውም ኃይል ከ220 ዋት ወደ 175 ወረደ። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር ስለሆነ ከሁሉም በፊት ልሞክረው ይገባኝ ነበር፤ ምናልባት ግማሹን ችግር ያኔውኑ ይፈታልኝ ነበር።

ለታናሽ ወንድሜ ካርድ የተለየ መንገድ ያዝኩ። የእሱ አዲስ ነው፤ ሂትሲንኩ ሰፊ ሆኖ የሚጮኹት ስስ ማራገቢያዎቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሂትሲንኩን ከቺፑ ሳላነሣ የላይኛውን ፕላስቲክ ከነማራገቢያዎቹ ፈትቼ በቦታው ሁለት ባለ 120 ሚሊሜትር በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩ። ፓዶቹ አልተነኩም፣ የሚለጠፍ ነገር የለም፤ ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም። በማራገቢያውና በክንፎቹ መካከል አየር በጎን እንዳያመልጥ ዙሪያውን ስስ ስፖንጅ ለጠፍኩ፤ ሙቀቱ በእሱ ብቻ ተጨማሪ ሦስት ዲግሪ ወረደ።