ላም አለኝ በሰማይ፦ ሃይፐር-ቪን የጠበቅኩበት ዓመት

በ2007 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ሰርቨር ነበር የማስተዳድረው። 14 ሰርቨሮች ነበሩን። አብዛኞቹ ያለ በቂ ሥራ ክፍሉን ያሞቃሉ። በቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም በአንድ ማሽን ላይ በሶፍትዌር የተሠሩ ብዙ ሰርቨሮችን (ቨርቹዋል ማሽኖችን) በማስኬድ፣ ወደ ጥቂት ማሽኖች እንድሰበስባቸው ታዘዝኩ።

ይህን ከሚሠሩት ሶፍትዌሮች ያኔ በገበያው የበሰለው የቪኤምዌር ነው። ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፋ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚያዛውረው ቪሞሽን ከ2003 ጀምሮ አለ። ላይሰንሱ ግን ውድ ነው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ቪሪዲያን በሚል የኮድ ስም የራሱን፣ በኋላ ሃይፐር-ቪ የተባለውን፣ እየሠራ ነበር። እኔም ጓጉቼ ዕቅዴን በሙሉ በእሱ ላይ ጻፍኩ።

በኤፕሪል የቪሪዲያን የሙከራ እትም ወደ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ተገፋ። በሜይ ደግሞ ላይቭ ማይግሬሽን፣ ማለትም እንደ ቪሞሽን ማሽኑን ሳያጠፉ ማዛወር፣ በመጀመሪያው እትም እንደማይኖር ተነገረ። ያን ማታ ዕቅዴን ከፍቼ ሳነበው፣ ግማሹ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገና ያልወጣን ነገር እንዳለ የቆጠርኩት እኔው ነኝ።

አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። በአንዱ በኩል ዛሬ ጭኜ ልሞክረው የምችለውን፣ በሌላው ይመጣል የተባለውን ጻፍኩ። ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ሰርቨር፣ «ይሄ አሥር ደቂቃ ቢጠፋ ማን ይደውልልኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። ዳታቤዙና ኢሜይሉ ጊዜ አይሰጡም፤ ለእነሱ ቪኤምዌር እንግዛ አልኩ። አለቃዬ በዋጋው ተከራከረችኝ። ሌሊት ለጥገና የምንከፍለውን የትርፍ ሰዓት ደምሬ ሳሳያት ፈረመች። ለሙከራ የምንጠቀምባቸውን ስድስቱን ግን ሃይፐር-ቪ እስኪወጣ አቆየኋቸው።

ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 በፌብሩዋሪ ሲወጣ አብሮት ያለው ሃይፐር-ቪ ገና ቤታ (የሙከራ እትም) ነበር። ያለቀለት እትም ጁን 26 መጣ። ስድስቱን በዚያው በጋ ጫንኩበት፤ ፍጥነቱን ከልቤ ወደድኩት። ማዛወሪያው ግን ክዊክ ማይግሬሽን ነው፦ ማሽኑን ያቆመዋል፣ ሜሞሪውን ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ሌላው ሰርቨር ላይ መልሶ ያስነሳዋል። ሜሞሪው በበዛ ቁጥር ማሽኑ የሚቆምበት ጊዜ ይረዝማል። ለሙከራ ማሽን ምንም አይደለም። ዳታቤዙ ቢሆን ኖሮ ስልኬ አያርፍም ነበር።

ፉክክሩ ለእንደኛ ዓይነቱ ትንሽ ድርጅት በጀ። በጁላይ 2008 ቪኤምዌር ኢኤስኤክስአይ የተባለውን የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌሩን በነፃ ለቀቀ። በ2009 ደግሞ ላይቭ ማይግሬሽን ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጋር መጣ። ዕቅዴ ውስጥ ያስገባሁት ግን ራሴ ጭኜ፣ በሥራ ላይ ያለ ማሽን አዛውሬ፣ የተከፈተው ፋይል እንዳልተዘጋ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው።