ፒ 0171ን ያሳደድኩባቸው ሦስት ሳምንታት

መኪና በራሴ መጠገን መማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ላይ ነኝ። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር የገዛሁ ሰሞን ኮድ (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር) ማንበብ ማለት ችግሩን ማግኘት ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም።

የትንሿ መኪናዬ የሞተር መብራት ቢጫ በርቶ አልጠፋ አለ። ከመሪው በታች ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ስካነሩን ሰካሁ። ፒ 0171 አለኝ። ድብልቁ ቀጥኗል፣ ማለትም ከቤንዚኑ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ይህን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ስለሆነ ቶሎ ብዬ ሴንሰሩን ቀየርኩ፤ ኮዱንም አጠፋሁ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ መጣ።

ያወጣሁት ሴንሰር ምንም አልነበረበትም። አየር መብዛቱን በትክክል እየተናገረ ነበር። ኮዱን ቸኩዬ በማጥፋቴ ደግሞ ሌላ ነገር አጣሁ። ኮዱ ሲመዘገብ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር፣ ሙቀትና ጭነት አብሮ ይይዛል፤ ፍሪዝ ፍሬም ይሉታል። ኮዱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። እባካችሁ መጀመሪያ ጻፉት ወይም ፎቶ አንሱት።

ዓይኔን የከፈተልኝ ፊውል ትሪም ነው። ኮምፒውተሩ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር እንዲደርስ ይጥራል። ለዚህም ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ስካነሩ ላይ በመቶኛ ይታያል፤ ፊውል ትሪም የሚባለው ይህ ነው። የአጭር ጊዜውንና የረጅም ጊዜውን ትሪም ደምሩ። ድምሩ ከዜሮ ወዲያና ወዲህ በ10 ውስጥ ከሆነ ብዙም አያሳስብም።

የኔ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ፕላስ 26 ነበር። ነዳጅ ረግጬ 2500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 7 ወረደ። ይህን ሳይ ተነስቼ ቆምኩ፤ በጣም ደስ አለኝ! ምክንያቱም ይህ አወራረድ የአየር ሾልኮ መግባት ምልክት ነው። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው ድርሻው ይገዝፋል። ዙሩ ሲጨምር ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ያው ስንጥቅ ከቁጥር አይገባም። የነዳጅ ፖምፓው ደክሞ ወይም የነዳጅ ፊልትሮው ተደፍኖ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ ጭነት በጨመረ ቁጥር ትሪሙም ይጨምር ነበር።

ከዚያ ፍለጋ ሆነ። ብዙ ሰው የካርቡራተር ማጽጃ ይነፋል፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እኔ አልደፈርኩም። በመርጫ ጠርሙስ ውሃ ይዤ፣ ከኤሌክትሪክ ሶኬቶች እየራቅኩ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አረጠብኩ። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን አየር ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማኒፎልድ የምትሄደው አጭር የጭስ መመለሻ ቱቦ ስትረጥብ ሚኒሞው ተለወጠ። ከላይ ስትታይ ደህና ናት። መታጠፊያዋን ከሥር በጣቴ ስጫን ግን እንደ አፍ ተከፈተች። ዘይት የሚችል አዲስ ቱቦ ገጠምኩ። ትሪሙ 3 ላይ ተቀመጠ፤ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ፒ 0171 አልተመለሰም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮዱ ፒ 0302 ነው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር አይተኩስም። አሁን ግን ምንም ከመግዛቴ በፊት የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ኮይል (ለካንዴላው የእሳት ኃይል የሚሰጠውን) አቀያየርኩ። ኮዱ ወደ ፒ 0303 ተዛወረ። ጥፋቱ የኮይሉ መሆኑ ያኔውኑ ታወቀ። ኮዱ እዚያው ሁለተኛው ላይ ቢቀር ኖሮ ወደ ካንዴላውና ቤንዚን ወደሚረጨው ኢንጀክተር እሄድ ነበር። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ግን አትንዱ። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ውስጥ ገብቶ እየነደደ ያቀልጠዋል።

አሁን የያዝኩት የጓደኛዬን መኪና ነው፣ ፒ 0420፤ ካታላይዘሩ በደንብ አያጣራም የሚል ኮድ ነው። ካታላይዘር ቀይር ብለውታል። እኔ መጀመሪያ የኋላውን ኦክስጅን ሴንሰር ንባብ ከፊተኛው ጋር እያስተያየሁ ነው፤ ጭስ ማውጫው ላይ ሽንቁር መኖር አለመኖሩን ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አያለሁ።