ድንኳኑን ከውስጥ ነው የቀደዱት
መብራት ጠፍቶ ስልኬ ላይ ስለ ዲያትሎቭ ቡድን ሳነብ አመሸሁ፣ አሁን እንቅልፍ የሚባል የለም። በፈረንጆቹ 1959 ኡራል ተራራ ላይ ዘጠኝ የሶቭየት ተጓዦች በሌሊት ድንኳናቸውን ከውስጥ በቢላ ቀደው፣ አብዛኞቹ ጫማ እንኳን ሳያደርጉ፣ ወደዚያ ሁሉ በረዶ ወጡ። ስድስቱን ብርድ ገደላቸው። ሦስቱ ግን ደረታቸው ወይም የራስ ቅላቸው ተሰባብሮ ነው የሞቱት። የያኔው ምርመራ «ሊቋቋሙት ያልቻሉት የተፈጥሮ ኃይል» ብሎ ተዘጋ (ይሄም መልስ ሆኖ!)። በ2021 ሁለት ሳይንቲስቶች ትንሽ የበረዶ ናዳ ሊሆን እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ያሳምናል፣ ግን ለምን ወደ ድንኳኑ አልተመለሱም? እኔን የከነከነኝ ግን አሥረኛው ነው፣ ዩሪ ዩዲን። ታሞ ከመንገድ ተመለሰ። እስከ 2013 ኖረ።